የቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ

የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍል፣ በአሥራ አንድ ሰዎች ፊት አንድ አንድ የጥናት ቅጽ አኖርኩ። ሙያዬ ግጭት ከመፈንዳቱ በፊት እንዴት እንደሚረግብ በዩኒቨርሲቲ ማጥናትና ማስተማር ነው። ሰዎቹ ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ሰላምታ ያቋረጡ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ናቸው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማስቀመጥ ሰባት ወር ደጅ ጠንቻለሁ። ይህ ሁለተኛው ስብሰባችን ነበር፤ ከፈረሰ ዳግመኛ እንደማይገናኙ አውቃለሁ።

ቅጹን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ አሜሪካ የገቡበት ዓመት። ሰባተኛው ጥያቄ የትውልድ ቦታን ከነወረዳው፣ የወላጆችንም ጭምር ይጠይቃል። እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ አርሜያለሁ፤ በዚህኛው ላይ ግን አንድም ጊዜ ቆም አላልኩም።

ከሳን ሆዜ የምትመጣው ነርስ መስመሩን በእስክሪብቶ ጫፍ ትነካካው ጀመር።

«የእናቴ ወረዳ ምን ይሠራልሻል?»

«ለጥናቱ ነው። ስም አይጻፍበትም።»

«ወረዳው ካወራ ስም ምን ያደርጋል!»

ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው፣ ማውንቴን ቪው የሚሠራው የኮምፒውተር መሐንዲስ፣ ሳቀ። በጦርነቱ ከነርሷ በተቃራኒ ወገን የቆመ ሰው ነው። «ባለፈው ‹እዚህ ዘር አይጠየቅም› ብለሽን አልነበር? ዛሬ ፕሪንት አድርገሽው መጣሽ።»

«ያልፈለገ ሊተወው ይችላል» አልኩ።

«የተወውንማ ወዲያው ታውቂዋለሽ።»

ከኮንኮርድ በባቡር የሚመጡት ኤርትራዊ ሽማግሌ ቅጹን እያነበቡ ነበር። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጡናልና ያግዙኛል ብዬ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ ያስረዱልኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በ1990 ዓ.ም. አዲስ አበባም አንዲት የቀበሌ ጸሐፊ የትውልድ ቦታ የሚጠይቅ ቅጽ አስሞልታኛለች። እንዳንቺው አንገቷን የደፋች፣ ጨዋ ልጅ። ‹ለመረጃ ያህል ነው› አለችኝ። በሁለተኛው ወር ከነልጆቼ ካገር ተባረርኩ።»

«ይህንን የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል! ከዚያ ጋር አይነጻጸርም!»



«እሳቸው ላይ ነው የምትጮኺው?» አለች ነርሷ፤ ብድግ ብላ ቅጾቹን ከየሰዉ ፊት ለቀመች። መሐንዲሱ ጋ ስትደርስ እጇን ዘረጋች። «ያንተንም ስጠኝ።» ከጦርነቱ ወዲህ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ሰጣት። ቆማ ስትቀዳድድ የቆሻሻ ቅርጫቱን ያዘላት። ሰባት ወር የለመንኳቸው እኔ፣ ግድግዳው ሥር ብቻዬን ቆሜ አየኋቸው። ደስ አላለኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበር ብል እዋሻለሁ። ሽማግሌውን ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ኮምፒውተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ፣ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሽማግሌው ደወሉ። ይቅርታዬን ጀመርኩ፤ አላስጨረሱኝም።

«እሱን ተይው። ትናንት አንቺ ከወጣሽ በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን። የሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ቤት ነው። ነርሷ ከሳን ሆዜ ለሚመጡት ትደውልላቸዋለች፤ መሐንዲሱ ልጅ ባቡር ለማይመቸው በመኪናው ራይድ ይሰጣል።»

«አሥራ አንዱም ይመጣሉ?»

«አሥራ አንዱም።»

«እኔስ፣ አባባ?»

«አንቺ አትመጪም፣ ልጄ። እሱንም አብረን ነው የወሰንነው።»