ለእናቴ ጆሮ የተገዛ ማጉያ

ለእናቴ ከአባቴ ድምፅ የቀራት አንድ ካሴት ነው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ለመምህርነት ሥልጠና ወደ አርባ ምንጭ ልሄድ ስል፣ አባቴ ከጂንካ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ሰው ሰብስቦ በቋንቋችን በአሪኛ መርቆኝ ነበር። ምርቃቱ በተዋስነው ቴፕ ተቀዳ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ካሴቱን በጨርቅ ቋጥራ ነው የምታኖረው። አምና ጆሮዋ እየከዳት ሲመጣ፣ ጨርሳ ሳትደነቁር አንዴ ደህና አድርጋ ልትሰማው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኩ።

ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። አባቴ የቆመው ከቴፑ ርቆ ስለነበር ድምፁ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ነው። በስፒከር ስከፍተው ቆርቆሮ ጣሪያው ያስተጋባና ሁሉም ይደበላለቃል። በሄድፎን ሞከርኩ፤ የኔ አሮጌ ላፕቶፕ እስከ መጨረሻ ተጨምሮም የሚያወጣው ሹክሹክታ ነው። በኮምፒውተሩና በሄድፎኑ መካከል የሚገባ ትንሽ ማጉያ እንደሚያስፈልገኝ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። ኢንተርኔቱ ግን ለጂንካ ሰው አይጽፍም። አንዱ ያሞገሰውን ሌላው ያጣጥለዋል፤ ርካሽ ነው የሚሉት ደግሞ ከመምህር ደሞዝ ጋር አይተዋወቅም።

ገበያው ዳር ያለው የሞባይል ዕቃ ሻጭ ማጉያ አለኝ ብሎ ያወጣልኝ መኪና ውስጥ የሚገጠም፣ ቀይ መብራት የሚያበራ ትልቅ ብረት ነው። ቤት ያንቀጠቅጣል አለኝ። ቤቴ ሳይንቀጠቀጥም ሊወድቅ ነው፣ የምፈልገው ለአንዲት አሮጊት ጆሮ የሚሆን ነው ብዬ አስረዳሁት። በሚገባ ተረድቶኝ በሳምንቱ ማይክሮፎን አመጣልኝ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አውቶቡስ አስላክሁ፤ ሳሙና የምታህል ጥቁር ሳጥን መጣችልኝ። የመረጥኳት ስለረከሰች ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ስሰካት የአባቴ ድምፅ ቀረበ፤ አብሮት ግን የወፍጮ ቤት ጉርምርምታ መጣ። ኤሌክትሪኩ ነው። ሶኬት ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ጠረጴዛ ሳይቀር ቀየርኩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። ጆሮዬን ደፍኜ ስቀመጥ ደግሞ በደጅ የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ አልሰማም፤ እኔ ሳላውቅ ሰፈሩ ውስጥ ኮርቷል ተባልኩ። ሳጥኗን ከግድግዳ ጋር ላላትማት ትንሽ ነው የቀረኝ። በኋላ የሞተር ሳይክሌን ባትሪ ፈትቼ ከሷ ጋር አገናኘሁትና ጉርምርምታው ጠፋ። ሞተሬም አብሮ ቆመ። በእግሬ ትምህርት ቤት ስሄድ ያየኝ ሁሉ ሞተርህን ሸጥከው ወይ ይለኛል።

ድምፁ ግን አሁንም ለእናቴ አልበቃም። ሳጥኗን ከፈትኳት። ለየጆሮው አንዳንድ የኤሌክትሪኩን ኃይል የሚገቱ፣ ሬዚስተር የሚሏቸው ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፤ እነሱ ቢቀየሩ ጉልበቷ ይጨምራል የሚል አንብቤ ነበር። ከተበላሸ ሬዲዮ የሚሆኑትን ነቅዬ በየድኳቸው። የግራው ጆሮ ጭጭ አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልታየኝም፣ ለብየዳው አቅልጬ ያፈሰስኩት የሊድ ጠብታ ከጤፍ ያንስ ነበር። እንደገና ፈታሁ፣ ጣቴን አቃጠልኩ፣ እንደገና በየድኩ። ሁለቱም ጆሮ ሠራ።

እናቴን አስቀምጬ ሄድፎኑን በሻሿ ላይ አደረግኩላት። አባቴ የመጀመሪያዋን ምርቃት ሲናገር ፊቷ ፈካ። ወዲያው ሕዝቡ አሜን ሲል ጮኸችና ሄድፎኑን መንጭቃ ጣለችው። እኔም ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት። ሰዎቹ የነበሩት ከቴፑ አጠገብ ነው፤ አባቴ እስኪሰማ ድረስ ያጎለበትኳት ማጉያ የነሱን አሜን መድፍ አድርጋዋለች። በተለይ አንዲት ሴት አለች፣ ከሁሉም በላይ የምትጮህ፣ ጆሮ የምትበሳ። ያን ሁሉ ስደክም ከርሜ አንዲት ጯሂ ሥራዬን ገደል ስትከተው ጠላኋት።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ አሜኖቹን አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣሁና የቀረውን ገጣጠምኩት። አባቴ ብቻውን ቀረ፣ ጥርት ብሎ። በራሴ ሥራ ኮራሁ፤ ባትሪውንም ወደ ሞተሬ የምመልስበት ቀን ደረሰ ብዬ ደስ አለኝ።

እናቴ እንደገና አዳመጠች። ከንፈሯ ይከፈትና ይከደናል። ጥቂት ቆይታ ግንባሯን ቋጠረች፣ ሄድፎኑንም ቀስ ብላ አወለቀችው።

"አባትህ ምን ሆኖ ነው የሚጣደፈው?" አለችኝ።

አልተጣደፈም፣ ራሱ ነው፣ ያው ድምፁ ነው አልኳት።

"አሜን ልል አፌን ስከፍት ወደ ሌላው ይሄዳል። ሰዎቹስ የት ገቡ? አሜን ያልተባለ ምርቃት መሬት ነው የሚወድቀው።"

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ መራቂ አሜን እስኪባልለት ይጠብቃል፤ ካልተባለለት ወደሚቀጥለው አያልፍም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ይህን የማስብበት ትዕግሥት አልነበረኝም። ከገመዱ፣ ከባትሪው፣ ከተቃጠለው ጣቴ የተጠራቀመው ንዴት በእሷ ላይ ወጣ። ሰዎቹን ያወጣኋቸው ላንቺው ጆሮ ብዬ ነው፣ ስትሰሚያቸው የጮህሽው አንቺ ነሽ፣ ይልቅ ያቺን እንደ እብድ የምትጮህ ሴት ማን እንደጠራት ንገሪኝ አልኳት።



"እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ቴፑን ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ልጄ ሊሄድብኝ ነው፤ ታዲያ በሹክሹክታ አሜን ልበል?"

በጣም አፈርኩ። ያልተቆረጠውን ቅጂ ፈልጌ ከፈትኩላት፣ ሄድፎኑንም መልሳ አደረገችው። አሜኑ ሳይደርስ ድምፁን ልቀንስላት እጄን ወደ ማጉያው ስሰድ እጄን ያዘችኝ።