አጎቴ የሠራው ወንበር

ዊንጌት አካባቢ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ስገባ የቫርኒሽ ሽታ ተቀበለኝና ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር የገባሁበት ሱቅ ትዝ አለኝ።

ያኔ አጎቴ ታስሮ እስር ቤት ውስጥ በአናጺነት ይሠራ ነበር። ምግብና ሳሙና የምናደርስለት እኛ ነበርን። እናቴ አንድ ወንበር ፊት ቆማ፣ መደገፊያው ላይ የተቀረጸውን የወይን ዘለላ በጣቷ ዳሰሰችው። አጎቴ ከመታሰሩ በፊት በሠራልን ሳጥን ላይ ያለው ዘለላ ራሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራው?»

«ከነጋዴ ነው የምረከበው» አሉ ባለሱቁ።

«ለሠሪውስ ምን ይደርሰዋል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? እዚያ እኮ ሙያም ይማራሉ።»

«እዚያ የት?» አለች እናቴ።

ሰውየው ወንበሩን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። እናቴ እጄን ይዛ ወጣች።

«ሳሙናውን እኛ እንገዛለታለን፣ ላቡን ሌላ ሰው ይሸጣል» አለች መንገድ ላይ። ላብ እንዴት እንደሚሸጥ አልገባኝም፤ ባለሱቁ እንደዋሹ ግን ገብቶኛል።

ዛሬ ወጣቱ ሻጭ አንድ ቁም ሳጥን እያሳየኝ፣ «የእጅ ሥራ ነው» አለኝ።

«የማን እጅ?» አልኩት።

የቁም ሳጥኑን በር ዘጋና፣ «በቃ፣ ዋጋውን እቀንስልዎታለሁ» አለኝ።