ወንድሜን ያወደሰው ጋዜጣ

ዘመኑ 1972 ነው፤ እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ። አሁን ለምን ትዝ አለህ በለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጋቢ ላስረክብ ሽሮ ሜዳ ወርጄ፣ የሱቁ ልጅ ቴሌቪዥን ከፍቶ ነበር። ጥቁር ሱፍ የለበሰ አንድ ፈረንጅ ያንን ወፍራም ድምፅ ይለቀዋል። እጄን ባንኮኒው ላይ አሳርፌ ነበርና ድምፁ በእንጨቱ አልፎ መዳፌ ውስጥ ገባ። ሲጨርስ አዳራሹ ሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት።

"ዝጋው" አልኩት።

"ምነው አባባ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እኮ..."

"ዝጋው ብዬሃለሁ።"

ዘጋው። እኔ ጭብጨባ አልወድም።

ታላቅ ወንድሜ እንደዚያ ያለ ድምፅ ነበረው። ቤታችን ወደ ቁስቋም በሚያስወጣው አቀበት ላይ ነው። አባታችን ሞቷል። እናታችን ትፈትላለች፤ እኔና እሱ ጎን ለጎን በተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች ውስጥ እግራችንን ከተን እንሸምናለን። የጉድጓዱ እርጥብ አፈር ይሸታል፤ በመስኮቷ በምትገባው ብርሃን ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል። የእኛ አገር ሰው፣ የዶርዜ ሰው ማለቴ ነው፣ ብቻውን አይዘፍንም። አንዱ ከላይ ይጮሃል፣ ሌላው መሀል ይገባል፣ አንዱ ደግሞ ከሥር ይይዛል። ከሥር የሚይዝ ከሌለ ዘፈኑ ይፈርሳል። ከሥር የሚይዘው ወንድሜ ነበር። እሱ ሲጀምር የጉድጓዱ አፈር ቁርጭምጭሚቴን ይነዝረኝ ነበር።

የቀበሌው ኪነት ሰዎች አንድ ሰርግ ላይ ሰሙት። ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ትልቁ ቴአትር ቤት ወሰዱት። እዚያ ከሶሻሊስት አገር የመጣ ፈረንጅ አስተማሪ አለ፤ ፒያኖ እየመታ ለብቻው አቁሞ ያዘፍነዋል። ከላይ የምንጮኸውን፣ መሀል የሚገቡትን፣ ማንም አልጠራንም። እነሱ የፈለጉት ወፍራሙን ብቻ ነው።

"እንዴት ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ብቻዬን ስዘፍን ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ ሰው የምጣራ ይመስለኛል።"

"ተወዋ እንግዲያ።"

"የሚተው መሰለህ?" አለና መወርወሪያውን አነሳ።

ቴአትር ቤት የዘፈነ ዕለት ከኋላ ቆሜ አየሁት። የሰው ሱፍ አልብሰውት እጅጌው አጥሮታል። ሲጨርስ ሹማምንቱ ሳይቀሩ ቆመው አጨበጨቡ። በሳምንቱ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጋዜጣ ይዞ በቀትር መጣ። በራችን ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ አነበበው። ከሰፊው ሕዝብ ማኅፀን የወጣ ድምፅ ነው፣ ተራራ የሚያንቀጠቅጥ ነው፣ እንዲህ ያለ በአገራችን ተሰምቶ አያውቅም ይላል። የጋዜጣ አማርኛ ለእናቴ ሩቅ ነው፤ ግን ውዳሴ መሆኑን ለይታ እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ ተቀበላት። ሙስሊሙ ባለሱቅ ጎረቤታችን ደግሞ ጋዜጣውን ለምኖ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ያ ውዳሴ ነው የበላው። ድምፁ ለሠራዊቱ ያስፈልጋል ተባለና ወደ ሰሜን ላኩት።

"ልጄ ሊዋጋ ነው?" አለችው እናቴ ሊቀ መንበሩን።

"እማማ፣ እሱ የሚተኩሰው በጉሮሮው ነው" አላት።

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ክረምቱ ወጥቶ እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ እየፈተለች ሳለ ሊቀ መንበሩ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አሁንም ቀትር ነው፤ አሁንም ጋዜጣ ይዟል። እንደ በፊቱ ቀጥ ብሎ ቆመና በዚያው ድምፅ ጀመረ። የሰፊው ሕዝብ ድምፅ፣ ተራሮች የሚያስተጋቡት፣ ከትግላችን ጋር ለዘላለም የሚኖር... እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሳች። እልል አለች። ከአጥር ወዲያ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት፤ ከእነሱም በላይ ያሉት። እኔም፣ ምን ልበልህ፣ ጥርሴን ገልጬ ቆሜያለሁ።

ባለሱቁ የስኳር ማንኪያውን እንደያዘ መጣ። ትንሽ አደመጠ።

"አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የምታነበው?"

"ውዳሴ ነው" አለ ሊቀ መንበሩ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

"ያለ ሰው ነው የምታወድሰው ወይስ የሞተ?"

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አየ። ከዚያ በገዛ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ "የጫናቸው መኪና ገደል ገባ" አለ።

እናቴ አልሰማችውም፤ ገና እልል ትላለች። ባለሱቁ ክንዷን ያዛት። "እህቴ፣ ተዪው። እልልታውን ተዪው።"

"ለምን እተዋለሁ? ልጄን አይደል የሚያወድሱት?"

ሲነግራት እንኳ ከላይ ሰፈር እልልታው አልቆመም ነበር። እነዚያ ምን ያውቃሉ?

በእኛ ዘንድ መርዶ በቀትር አይመጣም፤ በጋዜጣም አይመጣም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ነው የሚያመጣው። በማለዳ በርህ ሲንኳኳ ገና ሳትከፍት ታውቃለህ። ያን የሚያውቅ ሰው ቀትር ላይ የቆመ ባለካኪ ውዳሴ ሲያነብለት ከየት ብሎ ይጠርጥር?

ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ተሰብስበው የለቅሶውን ዘፈን ጀመሩ። ከሥር የሚይዝ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ ፈረሰባቸውና ተዉት። እናቴ ግን አላለቀሰችም። እጇን አፏ ላይ ጭና "በገዛ አፌ፣ በገዛ አፌ" ትላለች። ሴቶቹ ሙሾ ቢያወጡ፣ ደረት ቢመቱ፣ እንባ አልመጣላትም። እንዲህ ሆና የቀረች ሴት አውቃለሁ፤ ዓመት አልቆየችም። ስለዚህ ፈራሁ።

በማግስቱ ሳይነጋ ወጣሁ። የአገራችንን ሽማግሌዎች ሁለቱን ከቤታቸው ቀሰቀስኩ፤ ባለሱቁንም ጨመርኩ።

"ትናንት ሰምታ የለም እንዴ?" አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። "መርዶ እኮ ሁለቴ አይነገርም።"

"ያ መርዶ አይደለም" አልኳቸው። "ያ ጋዜጣ ነው።"

ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ጎህ ሲቀድ የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች እናቴ።

"እኛ ነን፣ ልጄ። ክፈቺ" አሉ ሽማግሌው።

ከፈተች። ሦስቱንም አየቻቸው፤ እኔንም ከኋላቸው አየችኝ። እጇን ከአፏ አወረደች።

"ምነው በማለዳ?" አለች። "ደህና አይደላችሁም?"

ሽማግሌው ነገሯት።