«ቀጥል ነው ያለው»

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ኦስሎ ውስጥ ቫይትቬት በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ በየሳምንቱ ያለ ጽሑፍ የሚሠራ ትያትር እንለማመድ ነበር። ንግግሩንም ድርጊቱንም እዚያው መድረክ ላይ ነው የምንፈጥረው። እኔ እዚያው ኦስሎ ነው የተወለድኩት። ሰለሞን ግን ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ወደ ቡድኑ ያመጣሁት እኔ፣ የማስተረጉምለትም እኔ ነበርኩ። ሎሌ ሆኖ ሲጫወት ታዲያ ጌታውን መሳቂያ ያደርገዋል። ጎንበስ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ እሱን ያያል። እኔን ቆሜ ማን አየኝ?

የዚያን ቀን እኔ ጌታ፣ እሱ ሎሌ ሆንን። ጫማዬን እንዲጠርግ አዘዝኩት። ተንበርክኮ ጠረገና በዚያ በተሰባበረ ኖርዌይኛው፣ «ጌታዬ፣ ጫማው ጠርቷል፤ ባለቤቱንስ ምን ላድርገው?» አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

በጥፊ መታሁት። በጨዋታችን ጥፊ የማስመሰል ነው፤ ማንም ማንንም አይነካም። እኔ መታሁት። ሰዉ ትወና መስሎት ሳቀ። ደገምኩት። ሲወድቅ በእርግጫ ጆሮው ላይ አገኘሁት።

«በቃ! ወንድሜ፣ በቃኝ!» አለኝ በአማርኛ። ከዚያ ሁሉ ሰው አማርኛ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሰልጣኛችን ኢንግሪድ ከወንበሯ ተነሥታ፣ «ምን አለ? ላስቁማችሁ?» ስትል ጮኸች።

«ቀጥል ነው ያለው» አልኳት።

ቀጠልኩ። ወለሉ ላይ ደም ሲያዩ ነው ሮጠው የያዙኝ። ተናድጄ ነው ልበል? የመታው ጌታው ነው፣ እኔ አይደለሁም ልበል? ውሸት! የመታሁት እኔ ነኝ፤ ቦታ መርጬ።

ሐኪም ቤት ነርሷ ምን እንደደረሰበት ስትጠይቀው ሰለሞን ወደ እኔ ዞረ። «ቀጥል» የምትለዋን የኖርዌይኛ ቃል ያውቃታል፤ ኢንግሪድ በየልምምዱ የምትጮኸው እሷን ነው። ለኢንግሪድ ምን እንዳልኳት ገብቶታል።

«ስንጫወት ወደቅኩ» አላት።

ለምን ሸፈነልኝ? በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማን ነበረውና?

ግራ ጆሮው አልዳነም። አምና እዚያው ኦስሎ፣ ኦከርን ሰፈር መንገድ ላይ አይቼው ከኋላው ጠራሁት። ሳይሰማኝ አለፈ። ሮጬ ልደርስበት እችል ነበር፤ አልሮጥኩም። ያን ቀን እንኳ ፈራሁት። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም። የመታሁት እናንተን አይደለም።