የጓያው እንፋሎት

በዋልካ ሜዳ እሑድ ጧት ከደወሉ ቀድሞ የሚሰማው የምርኩዝ ድምፅ ነበር። ሰባት ወንዶች፤ ስድስቱ በአንድ አንድ ምርኩዝ፣ ሰባተኛው በሁለት። መንደሩ ከላሊበላ ቁልቁል ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፣ በጥቁር አፈር ላይ የተቀመጠ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ግን ድንጋይ ስለሆነ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ባንችይርጋ ያን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጣለች። ባለ ሁለት ምርኩዙ ልጇ ሰጠኝ ነው። የሚያስደነግጣት ግን የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ሰባቱንም ያበላቻቸው እሷ ናት።

እንዲህ ሲባል ክፉ ሴት ትመስላለች። ኧረ ምን ቆርጧት! በዋልካ ሜዳ የእሷን ያህል ጥንቁቅ ሴት አልተፈጠረችም። ውሃ ሳታጠልል አትጠጣም፤ ወተት ሳትከድን አታስቀምጥም። ሰው ቤት ገብታ የተከፈተ ሌማት ካየች ባለቤቷን ሳታስፈቅድ ተነሥታ ትከድነዋለች፤ በዚህ የተቀየሟት አሉ። ባሏ አረጋ በሕይወት ሳለ «የእኔ ሚስት መልአከ ሞትንም መጀመሪያ እጅህን ታጠብ ትለዋለች» እያለ ይቀልድባት ነበር። አረጋ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ቆላ ለአጨዳ ወርዶ ወባ ይዞ ተመለሰና መልአከ ሞት ሳይታጠብ ወሰደው። ለባንችይርጋ የቀራት አንድ ሰጠኝ ነው። የዚያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ክረምቱ ሳይዘንብ ወጣ፤ ገብሱ በቡቃያው ነደደ፣ ጤፉ አገዳ እንኳ አላወጣም። መስከረም ላይ በተሰነጠቀው ጥቁር መሬት የተዘራው ጓያ ብቻ፣ የአገሩ መከራ የማይመለከተው ይመስል፣ ሰማያዊ አበባውን አወጣ። ጓያ ጉደኛ እህል ነው። ሌላው ሁሉ ሲከዳ እሱ ይገኛል፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንደ እሱ ላለው ነው።

የዋልካ ሜዳ ሰው ጓያን ድሮም ይፈራዋል። የሚፈራው ግን እንፋሎቱን ነበር። ጓያ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ያገኘው ሰው ይሽመደመዳል፤ ቅድመ አያት ለአያት፣ አያት ለአባት የነገረው ይህንን ነው። ጓያ ከተጣደበት ቤት ልጅ አይገባም፤ እርጉዝም በዚያ አታልፍም። ከድስቱ ወጥቶ ከበረደ በኋላ ግን እንደማንኛውም እህል ይበላል። የሚተነውን እየሸሹ የሚዋጠውን አመኑት።

ወደ እርዳታ ጣቢያ የወረደ ሁሉ ለሰፈራ ወደማያውቀው አገር ይጫናል የሚል ወሬ ስለነበረ ብዙው ሰው ከቀዬው ንቅንቅ አላለም። እና ያን ጊዜ መላ ያመጣችው ባንችይርጋ ናት። በየቤቱ ጓያ እየፈላ ሕፃናቱን ከሚያጥን፣ የሁሉም በአንድ ትልቅ ድስት ከመንደሩ ውጭ፣ ነፋስ ወደ ገደሉ በሚነፍስበት አፋፍ ላይ ይጣድ አለች። የሚያበስለውም አንድ ሰው ይሁን። ማን? «እኔ» አለች። «እኔ እድሜዬን በልቻለሁ፤ ቢያሽመደምደኝም የምታዝንልኝ አሮጌዋ ላሜ ናት።»

ሰው አለቀሰ፤ የመረቃት መረቃት። ከጥር እስከ ትንሣኤ ድረስ በየቀኑ ከድስቱ አጠገብ ቆማ፣ ፊቷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ያን እንፋሎት ስትጠጣ ከረመች። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ይበርዳል፣ በየቤቱ ይከፋፈላል። ቂጣውንም እዚያው ትጋግራለች። በእጇ ያለፈ ስለሆነ ማንም ሳይጠራጠር በላ። የፈሩት እህል በእሷ ምክንያት የሚታመን ሆነ።

የራሷን ድርሻ ግን አልነካችም። ሰጠኝ የገበሬ ማኅበሩን እርከን ሲቆፍር ይውላል፤ ጎረምሳ ነው፤ ማታ ሲመጣ ዓይኑ ከሌማቱ ላይ አይነሣም። እሷ ከወንዝ ዳር ሳማ ለቅማ ትቀቅልና እሱ ሳያያት ትበላለች፤ የድርሻዋን ጓያ በእሱ ላይ ትጨምርለታለች። «አንቺስ?» ሲላት «እዚያው ሳበስል ስቃም ዋልኩ» ትለዋለች። ይህን ውሸት ሦስት ወር ሙሉ ዋሸች፤ እሱም ሦስት ወር ሙሉ የሁለት ሰው በላ።

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ሰጠኝ እንደ ሌላው ሰው ሊሰግድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ተንበረከከ፣ ግንባሩን አስነካ፣ ሊነሣ ሲል እግሩ እምቢ አለው። ከጎኑ የነበሩት ረሃብ ነው ብለው ሳቁና ደገፉት። በእጃቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሳቃቸው ቆመ። ባቱ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ ጋር እየተጋጨ፣ በእግሩ ጣቶች ብቻ ቆሞ ነበር። እስከ ዕርገት ድረስ ስድስት ሌሎች ተከተሉት። ሁሉም ጎረምሶች፣ ሁሉም የቤታቸው እጅ።

ባንችይርጋን የወቀሳት አልነበረም። አንድ ቀን ነፋሱ ዞሮ እንፋሎቱን ወደ መንደር አምጥቶታል አሉ፤ ያች ቀን የትኛዋ እንደነበረች ግን ሁለት ሰው አይስማማባትም። እሷ ቀጥ ብላ መሄዷንም «ስለ ደግነቷ ማርያም ጠበቀቻት» ብለው ፈቱት። ከዚያ ወዲያ በማኅበር ቦታዋ ከፍ አለ፤ በእድሜ ብዙ የማይርቋት ሴቶች ሳይቀሩ አንቱ አሏት። ወቅሰዋት ቢሆን ይሻላት ነበር።

አንድ ቀን የጎረቤት ሸዕባንን ልጆች አየቻቸው። ሸዕባን ነጋዴ ነው፤ በዚያ ክፉ ቀን ከቆላ ጥቂት ማሽላ እያመጣ ቤተሰቡን አንድ ቀን ከድስቱ ጓያ፣ አንድ ቀን ማሽላ ያበላ ነበር። የእሱ ወንዶች ልጆች ከድስቱ በላይ ባለው መንገድ ሲመላለሱ፣ እንፋሎቱን ሲያሸቱ የከረሙ ናቸው። አሁን ኳስ ይራገጣሉ። ባንችይርጋ የምትለቅመውን ባቄላ አስቀመጠች። ከእነሱም ይልቅ እንፋሎቱን የጠጣሁት እኔ፣ አለች በልቧ። የቆምኩትም እኔ። ምን በላሁ? ሳማ። ከሰባቱ ባለ ሁለት ምርኩዙ ማነው? የሁለት ሰው የበላው።

በቃ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቷ ወጣ። ልጇ ከእርከን ሲመለስ ምን ያህል እንደምትወደው በጭልፋ ትሰፍርለት ነበር፤ ያ ስፍር አሁን በሁለት ምርኩዝ ይራመዳል። ጭልፋውን ማየት ጠላች። ለሰው ብትናገር ልጇ ይሰማል፤ ባትናገር ውስጧ ይበላታል። ዝም አለች፤ ዝምታዋንም ሰው ጨዋነት አደረገላት።

ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ላይ ሰማዩ እንደገና ከዳ። ታኅሣሥ ሲገባ በዋልካ ሜዳ ቆሞ የሚታይ ነገር ጓያው ብቻ ሆነ። በዚያ ወር የጊዮርጊስ ማኅበር የደብሪቱ ተራ ነበር። ደብሪቱ የሦስት ሕፃናት እናት ናት፤ ከሰባቱ አንዱም ታናሽ ወንድሟ ነው። ቀጭን ጠላ ቀዳች፤ ጸበሉ ከተባረከ በኋላም ወደ ባንችይርጋ ዞር ብላ ሁሉም በልቡ የያዘውን አወጣችው።

«እትዬ፣ እንግዲህ የመጣውን ያዩታል። እንደ ያኔው አንድ ድስት እንጣድና አንቱ ያብስሉልን። ያንን እንፋሎት እንደ አንቱ የሚያውቀው የለም። አሁንማ ነፋሱ ሲዞር እናውቅበታለን፤ ልጆቹን ይዘን ገለል እንላለን።»

«አላበስልም» አለች ባንችይርጋ።

«ምነው እትዬ? በሞቴ!»

«እንፋሎቱ አይደለም። መብሉ ነው። አታብሏቸው።»

 የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በእድሜ ይበልጣታል፤ በዋዛ የሚናገር ሰው አይደለም። ዋንጫውን አስቀመጠና «መብሉ ከሆነ አንቺስ?» አላት። «ድስቱ ሥር የከረምሽው አንቺ ነሽ። ምነው ታዲያ ቆመሽ ትሄጃለሽ?»

«እኔማ አልበላሁም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ትክክለኛ መልስ ነበር። ሰው ጆሮ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ። በዚያ አገር ያበሰለ ሳይቀምስ አያቀምስም። ጠላ የምትቀዳ ሴት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ፉት ሳትል ዋንጫ አትሰጥም፤ በእጄ ያለው ክፉ ከሆነ በእኔ ይጀምር ማለት ነው። ባንችይርጋም በዚያ ዘመን ከድስቱ ዘግና ወደ አፏ ስታስጠጋ ሁሉም አይቷል። ከንፈሯን አስነክታ መልሳ ለልጇ እንደምታስቀምጠው ግን ማን አየ?

«አልበላሽም?» አለች ደብሪቱ። አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ። «ወንድሜን ስታበይ አንቺ አልበላሽም? ስትቀምሺ ያየሁሽ ውሸት ነው?»

ሰጠኝ ከበሩ ጥግ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ባንችይርጋ አየችው። መልሱ ምላሷ ላይ ነው፤ ድርሻዬን ለልጄ ሰጥቼ ነው ብትል ያ ቤት በሙሉ ተነሥቶ ጉልበቷን ይስም ነበር። ልጇ ደግሞ እግሩን የሰበረው የእናቱ ጉርሻ መሆኑን እዚያው ይሰማል። በበላ ቁጥር፣ በተራመደ ቁጥር ያስበዋል። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አየች፦ ደብሪቱ ትንሿን ልጇን በክንዷ ወደ ራሷ ስባ ከባንችይርጋ እያራቀቻት ነው። ቢያዝኑላት እንደገና የሚታመን እጅ ይኖራታል፤ ድስቱም ይጣዳል። ሲፈሯት ግን አይበሉም።

ካህኑ አባ ተክለ ሚካኤል «ልጄ» አሏት፣ «በእግዚአብሔር ፊት ተናገሪ። ያን ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«ያን ጊዜ አላወቅሁም አባ። አሁን አውቃለሁ። አትብሉት።»

የመጀመሪያውን ቃል ያመናት የለም፤ የመጨረሻውን ግን ሁሉም ሰማ። ያን ዓመት ዋልካ ሜዳ ጓያውን አጭዶ ለከብት ሰጠ፤ ከብቱን ፍላቂት ገበያ አውጥቶ ሸጦ ገብስ ገዛ፤ ያልቻለው ሰፈራውንም እየፈራ ወደ እርዳታው ወረደ። ክፉ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ግን ስምንተኛ ምርኩዘኛ አልተጨመረም። ይህን ከእሷ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም፤ ሰው ያወራው የጓያዋ ሴት እንዳታበላን ተጠነቀቅን እያለ ነው። በማኅበር ዋንጫው እሷ ጋ ሲደርስ ያልፋታል። በልቅሶ ቤት ይዛ የሄደችው ሌማት እንደተከደነ ይመለሳል። ልጆች ደጃፏ ላይ ሲደርሱ ይሮጣሉ። ያች የሰውን ሌማት የምትከድን ሴት!

በዚያው በማኅበሩ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከልጇ ጋር ቤት ገቡ። ባንችይርጋ የገብስ ቂጣ አቀረበችለት። ሰጠኝ ቂጣውን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ ሌማቱን በጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አላት።

ቆርሳ አላመጠች። እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን ያይ ነበር። ከዋጠች በኋላ እሱም በላ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳይጠይቃት ቀድማ ትቀምሳለች፤ በእርግጥ እንደዋጠች እንዲያይ አፏን ወደ ብርሃን ታዞራለች። አንድም ቀን አልተቆጣችም። በየቀኑ ያማት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ሕመም የሚችል እናት ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በፍልሰታ ሳምንት አንድ ረፋድ ሰጠኝ ደጃፍ ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«እናቴ፣ ያን ጊዜ ጓያውን ለምን አልበላሽም?»

ባንችይርጋ ሽሮውን ከምድጃው አወረደች። የልጇን የቀጠነ እግር አየች፤ ከዚያ ፊቱን።

«አልጣመኝም ነበር» አለችው።