በበዓል ቀን የዘነበው

ያኔ ፍኖተ ሰላም ተቀጥሬ የምሠራው ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ መገመት ነበር። ዝናቡ ዘንቦ ስንቱ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ ስንቱስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይኸው ነው ሥራዬ። ግምት ስላችሁ አትናቁት፤ ከመንገድ ሥር የሚቀበረው ቱቦ ስፋት የሚወሰነው በሱ ነው።

ከቡሬ ወጣ ብሎ አንድ ራቁቱን የቀረ ተራራ አለ። ሣሩን ከብት ግጦ ጨርሶት ድንጋዩ አግጥጧል። ከሥሩ ያለው ጅረት በጋውን ደርቆ ይከርምና ክረምት ሲገባ ያብዳል። መንገድ ሊያልፍበት ነውና ቱቦውን ገምት ተባልኩ።

እዚያ ዝናብ የሚለኩት የደብሩ ቄስ ነበሩ። በየማለዳው ዝናቡ ከሚጠራቀምበት ጣሳ ወደ መለኪያው ብርጭቆ ገልብጠው ቁጥሩን ይጽፋሉ። ጽሕፈታቸው ሲያምር! መዝገባቸው ግን በየወሩ ባዶ ቦታ አለበት፤ የሚካኤል ዕለት ባዶ፣ የማርያም ዕለት ባዶ፣ እሑድ እሑድ ባዶ።

ባዶ ሲኖር ስሌቱ አልሄድ አለኝ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ ብጠይቃቸው ለምሳ እመለስ ነበር። ሰነፍኩ፤ ሌላ ስም የለውም። እስክሪብቶዬን አንስቼ ባዶውን ሁሉ ዜሮ ሞላሁበት። አልዘነበም ማለት ነው ብዬ! በክረምት፣ በጎጃም! ምን ነክቶኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። በበዓል ቀን የጣሉት ትልልቆቹ ዝናቦች እንዲህ ከስሌቱ ወጡና ቱቦው ጠባብ ሆነ።

መንገዱ ተሠርቶ በሁለተኛው ክረምት ተራራው ላይ ዶፍ ወረደበት። ቱቦው ጎርፉን መዋጥ ሲያቅተው ውሃው ከመንገዱ በላይ ተጠራቀመ። ኋላ መንገዱን ደርምሶ ታች ያለችውን ጎጆ ይዟት ሄደ። ውስጧ አራስ ነበረች። እሷን ከነልጇ ያገኟት በማግሥቱ ነው።

ለቀብር ከአለቃዬ ጋር ሄድን። እናትና ልጅ አፈር ከለበሱ በኋላ ቄሱ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ እንዳትደብቀኝ። በበዓል ቀን ሥራ ነው ብዬ አልለካም። የበዓሉን ዝናብ በማግሥቱ እደፋው ነበር። ይኼን ያመጣሁት እኔ ነኝ?»

እርሳቸው እኮ ባዶ ነው የተዉት! ዜሮ አላሉም። «የለም አባቴ፣ እኔ ነኝ» ማለት ምን ነበረበት? ቀና ስል አለቃዬ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ያዳምጣል። እንጀራዬ ታየኝ።

«መለካት ነበረብዎት» አልኳቸው።

ክንዴን ለቀቁኝ። «እውነት ነው» አሉ።

በሪፖርቱም ያንኑ ጻፍኩ፤ የለኪው ጉድለት ብዬ። የሚሟገት አልነበረም፤ እርሳቸው ራሳቸው አምነዋል።

ነፍስ ያጠፋ ካህን አይቀድስም። ሕዝቡ ቢለምናቸው፣ ሌሎቹ ካህናት ቢመክሯቸው አሻፈረኝ አሉ። ክህነታቸውን በገዛ እጃቸው አስቀምጠው ከመቅደስ ወጡ። ለሥራ ባለፍኩ ቁጥር ቅጥሩ ሥር ከገበሬዎቹ ጋር ቆመው ሲያስቀድሱ አያቸዋለሁ። ሰላምታቸውን አልነፈጉኝም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ካህናቱ በምን ሥርዓት እንፍታቸው ብለው ደጁ ላይ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ራሳቸው ፈርደው ወጥተዋል ተባለና እንደ ማንኛውም ምእመን ተፈቱ። አጠገባቸው ቆሜ ክርክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።