በቁሜ የጠራሁት እድር

ክፉኛ መታመሜን ያወቅሁት ከሐኪም አይደለም፤ ከጎረቤት ነው። ለዓመታት ሰላምታ የነፈጉኝ ሴቶች በድንገት ምግብ በትሪ ሸፍነው ይዘውልኝ መምጣት ጀመሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንደምን አደርሽ የኔ እናት» ይሉኛል። እኔ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል የኖርሁ ሰው ነኝ። በማሽን ጩኸት መሀል ስንሠራ ስለምንውል ሰፈር ውስጥም ጮሄ ነው የማወራው፤ ሰውም መልሶ ይጮህብኛል። ሰው ሁሉ ሲለሰልስብኝ ጊዜ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ሊቀብሩኝ ተዘጋጅተዋል።

ነገሩ የጀመረው በሽንት ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ባሌ ወደ ሰሜን ዘምቶ ቀርቷል፤ እኔ ከአንዲት ልጄ ጋር ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር እኖራለሁ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ሽንቴ ደም ሆነ። ምንም አላመመኝም። ቢያመኝ ኖሮ እሮጥ ነበር፤ ስላላመመኝ «የበላሁት ቀይ ሥር ነው» ብዬ አለፍሁት። ሲደጋገም ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሐይቅ ዳር የኖረ ሰው ደም አየሁ ሲል መጀመሪያ የሚታሰበው ቢልሃርዚያ ነውና ኪኒን ሰጡኝ። ደሙ ቆመ፤ ቆይቶ መጣ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ኩላሊቷን በርዷት ነው» አሉና ወገቤን በትኩስ ጨው ተኮሱኝ። ደሙ ቆመ፤ ቆይቶ መጣ።

ታላቅ ወንድሜ ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ላይ መሪጌታ ነበር። አባታችን ካረፈና ባሌ ከቀረ ወዲህ በእኔ ጉዳይ አፍ የሚከፍተው እሱ ነው። በጀልባ ወስዶ ጠበል አስጠመቀኝ። በዚህ ጊዜ ደሙ ብዙ ሳይታይ ቆየ፤ ወንድሜ በደስታ አለቀሰ፤ እኔም ድኛለሁ ብዬ ልጄን ስሜ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ጠበሉን አላማም። የሳትነው ሌላ ነገር ነው። ይህ በሽታ ደሙን ራሱ ያመጣዋል፤ ራሱ ደግሞ ያቆመዋል። ሲቆም የተሻለን ይመስለናል፤ እሱ ግን ውስጥ ውስጡን ሥራውን እየሠራ ነው። ኪኒኑም፣ ጨዉም፣ ጠበሉም በየተራ የተመሰገኑት ባልሠሩት ሥራ ነበር።

ቆይቶ ልብስ ስለብስ በግራ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ጠጠር ያለ እብጠት ዳሰስሁ። የባሕር ዳሩ ሐኪም እሱም ዳሰሰውና ወደ ጎንደር ላከኝ። ከወንድሜ ጋር ሄድን። በክንዴ ደም ሥር ቀለም ወግተው ኩላሊቴን ራጅ አነሡት። የጎንደሩ ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየ፤ ከዚያ እኔን አልፎ ወንድሜን «መሪጌታ፣ አንድ ጊዜ» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ጠራው። በአገራችን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም። ልቡ እንዳይሰበር ተብሎ አገር ሁሉ ያውቃል፣ በሽተኛው ብቻ ሳያውቅ ይከርማል። ወንድሜ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰና «ጠጠር ነው፤ በጠበሉ ይሟሟል» አለኝ። ይዞኝ ወደ ቤት ተመለሰ። ትሪዎቹ መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኔ መቼ ደበቅሁ? የተደበቀው ከእኔ ነው! ትሪውን ለባለቤቷ መልሼ ወንድሜን ፍለጋ ሄድሁ።

«ወንድም ዓለም፣ ንገረኝ» አልሁት።

«ምኑን?»

«ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን።»

ተሸፋፍኖ አለቀሰና ነገረኝ። ነቀርሳ ነው። ሐኪሙ ኩላሊቴን ቀድዶ ሊያወጣ ጠይቆት ነበር፤ ወንድሜ ግን በእኔ ፈንታ እምቢ ብሎታል።

«አንድ ኩላሊቱ ወጥቶ ሰው ይኖራል? ልብና ኩላሊትን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው እቴ። እሱ የሰጠሽን እኔ አውጥታችሁ ጣሉት ልበል?»

«እሱማ ይመርምር፤ ማን ከለከለው! አንተ ግን በማን ኩላሊት ነው እምቢ ያልህ?»

እንደዚያን ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። የባሰ ያናደደኝ ደግሞ ስለሚወደኝ ማድረጉ ነው። ቢጠላኝ ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ተቀብዬ ብቻዬን ጎንደር ገባሁ። ሐኪሙ ሲያየኝ «ዘመድዎ የሉም?» አለኝ።

«በሽተኛዋ እኔ ነኝ ዶክተር። ለዘመዴ የነገሩትን ለእኔ ይንገሩኝ፤ ካልሆነ ከዚህ ወንበር አልነሣም!»

በፋብሪካ ድምፄ ስለነበር ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ በበሩ አንገቱን አሰገገ። ሐኪሙ በሩን ዘጋ፤ ተቀመጠና ወረቀት ላይ እንደ አደንጓሬ ፍሬ ያሉ ሁለት ኩላሊቶች ሣለ። ግራውን በእርሳስ አጠቆረው። «ይህ ካንሰር ነው» አለ። ኩላሊት በሽፋንና በሞራ የተጠቀለለ ነው፤ እሱ እስካየው ድረስ እብጠቱ ከሽፋኑ ገና አልወጣም። ከቆየ ግን በደም ሥር አድርጎ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ይሄዳል። ለሌላ ዓይነት ካንሰር የሚሰጠው መድኃኒት ለዚህኛው አይረባም፤ ጨረሩም እምብዛም አይደፍረውም። ያለው መላ ኩላሊቱን ከነሞራው ማውጣት ነው። ቀኙ ጤነኛ መሆኑን በራጁ አይቷል፤ የሁለቱን ሥራ ብቻውን ይችላል።

«እድናለሁ?» አልሁት።

«ቃል አልገባልዎትም። ካልወጣ ግን መጨረሻውን አውቀዋለሁ።»

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ልቤ ግን አልተሰበረም። ልብ የሚሰብረውስ ሹክሹክታው ነበር። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ዘመድ ይፈርም ሲለኝ ብዕሩን ተቀብዬ እኔው ፈረምሁ። ከዚያ የከበደውን ነገረኝ። ኦፕራሲዮኑ ብዙ ደም ያስፈልገዋል፤ የሆስፒታሉ ደም ከግንባር ለሚመጣው ቁስለኛ አልቋል፤ ደም የሚሰጡ ሰዎች ይዤ ካልመጣሁ ቢላዋ አያነሣም።

ባሕር ዳር ተመልሼ ዘመዱን ሁሉ ለመንሁ። ምግብ ያመጣልኝ ሁሉ ደም ሲባል ሸሸ። የፈሰሰ ደም አይተካም ይላል አንዱ፤ ሌላው ደካማ ነኝ ይላል። ወንድሜ ዳዊቱን ገለጠ። የወንዶቹ ፍርሃት ግን ከንቱ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ወንድ ታፍሶ ግንባር ሊገባ ይችላል።

እሑድ የሰፈራችን እድር ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እድራችን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ ነው፤ ዳኛው ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። ተነሣሁና «ሐጂ፣ ይፍቀዱልኝ» አልሁ።

«ተናገሪ ልጄ።»

«ስሞት ምን ታደርጉልኛላችሁ?»

«ኧረ አታሟርቺ!» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ።

«ድንኳን ትተክላላችሁ። ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ። ከቀብሬ የቀረ ይቀጣል። እኔ ድንኳኑም ጉድጓዱም ይቅርብኝ። ደም ስጡኝ!»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ልጄ፣ የእድሩ ሕግ ለሞተ ሰው ነው። ላልሞተ አንድ ቃል የለበትም።»

«ባሌ የቀረ ጊዜ ሬሳ ነበረ ሐጂ? ልብሱን ባዶ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ አልቅሳችሁልኛል፤ እርስዎም ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ውለዋል። ያን ጊዜ ሬሳ ሳይኖር የሠራ ሕግ አሁን ሬሳ ስለሌለ እምቢ ይላል? ያን ጊዜ ሰውየውም አልነበረም። እኔ አለሁ፤ ይኸው ቆሜአለሁ!»

ከሴቶቹ ወገን ትሪዋን የመለስሁባት ሴት ተነሣች። «ወንዶቹ አፈሳ ፈሩ፤ እውነት ነው። እኛን ማን ያፍሰናል? ሴት ደም የላትም እንዴ?» አለች። ሌሎቹ ሴቶች ተንጫጩ። ሐጂ በዱላቸው መሬት መቱና «ደም እሰጣለሁ ብላ የቀረች፣ ከቀብር እንደቀረች ትቀጣለች» ብለው ፈረዱ። ቀጥለውም «እኔ ለደሙ አርጅቻለሁ። ግን ዳኛ የሌለው እድር የለም፤ እመጣለሁ» አሉ።

የጎንደሩን አውቶቡስ ነጠላ በለበሱ ሴቶች ሞላነው፤ ሐጂ ከፊት ተቀመጡ። ወረታ ላይ የተሳፈረች አንዲት ሴት አየችንና «እኔን! ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለች።

«እኔ» አልኋት።

እስከ ማክሰኝት ሳቅንባት፤ በመጨረሻ እሷም ሳቀች።

ወንድሜ ቀድሞን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሟል። እኔ ልናገረው አልፈለግሁም። ሴቶቹ ተራ በተራ ክንዳቸውን ሲሰጡ ዳዊቱን ይዞ ቆሞ አየ። የመጨረሻዋ ስትነሣ ዳዊቱን ለሐጂ አስያዘና የቀሚሱን እጅጌ ሰበሰበ። ደሙ እስኪቀዳ ዓይኑን ጨፍኖ በግእዝ ይጸልይ ነበር። ያን ጊዜ ይቅር አልሁት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አእምሮዬ ሲመለስ ጎኔ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር። ሴቶቹ፣ ሐጂና ወንድሜ አልጋዬን ከብበዋል። ሐኪሙ መጣ፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፊት ለፊት አየኝ። ኩላሊቱ ከነሞራው ወጥቷል፤ ሽፋኑን ሰብሮ የወጣ ነገር አላየም። ቀሪዋን ኩላሊት መጠበቅ አለብኝ፤ ውሃ ልጠጣ፤ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን እንዳገኘሁ አልዋጥ። ደረቴን በየጊዜው ራጅ መነሣት ይኖርብኛል።

«ለምን ደረቴን?»

«ይህ በሽታ ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሳንባ ላይ ነው። ላይመለስም ይችላል። ከዚህ የበለጠ እኔም አላውቅም።»

አመሰገንሁት። እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ሴቶቹ ግን «ይመለሳል» የሚለውን ብቻ ነው የሰሙት። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፤ እንባዋ ወረደ፤ ሳታስበው የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ ገልብጣ እንደ ኀዘንተኛ ተከናነበች። ሌሎቹም አይተው አዘቀዘቁ። ቀና ልል ብሞክር ስፌቱ ያዘኝ፤ ድምፄም ተዘግቶ ነበር። ቢሆንም ያለችኝን አወጣሁ።

«ነጠላችሁን መልሱ! አልሞትሁም። የሚቆጣችሁ የገዛ ደማችሁ ነው።»

አንድ በአንድ ጥለቱን ወደ ታች መለሱት።